ነጋዴ ለልጁ የሚገዛውን ትምህርት ይመርምር

ነጋዴ ዕቃ ሲገዛ መመርመር ልማዱ ነው። ቡና የሚገዛ ሰው ጆንያውን ከላይ ብቻ ዐይቶ ገንዘብ አይቈጥርም፤ ከመካከል ዘግኖ ያሸታል፣ የተሰበረውንና የጠቈረውን ፍሬ ይለያል፣ ናሙናው ተቈልቶና ተፈልቶ እስኪቀመስ ድረስም ይታገሣል። ሰሊጥ የሚገዛ ባዕድ ነገር እንዳይኖርበት ያበጥራል፤ ጨርቅ የሚገዛ በብርሃን ላይ ዘርግቶ ድሩንና ማጉን ያያል። ይህ ጥንቃቄ ኪሳራን ለመሸሽ የተገኘ ጥበብ ስለ ሆነ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን ይኸው ጠንቃቃ ሰው ከዕቃ ሁሉ ለሚበልጠው፣ ይኸውም ለልጁ ትምህርት፣ በየጊዜው ገንዘብ ሲከፍል ጆንያውን ከፍቶ የሚያይበት ጊዜ ጥቂት ነው።

የግል ትምህርት ቤቶች ክፍያ ለመጨመር ወላጆችን ለስብሰባ በጠሩ ጊዜ አዳራሹ ይሞላል፤ ክርክሩም ይበረታል። ስለ ጭማሪው ልክ፣ ስለ መጓጓዣው፣ ስለ ደንብ ልብሱ ብዙ ይነገራል። ልጆቹ ምን እንደሚማሩ፣ የሚማሩትንም ማን እንደ መረጠላቸው፣ በብሔራዊ ፈተና የማይጠየቁበት ትምህርትስ በእርግጥ ይሰጥ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ወላጅ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ስለ ዋጋው ይህን ያህል የሚከራከር ሰው ስለ ዕቃው ዝም ማለቱ ለንግድ ሰው የሚገባ ጠባይ አይደለም።

ጕዳዩም ከንግድ የራቀ አይደለም። የዛሬው የ11ኛ ክፍል ተማሪ የነገው ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ኀላፊ፣ የጕምሩክ ጕዳይ አስፈጻሚ ነው። ትምህርት ቤቱ ያጐደለውን በኋላ በራሱ ገንዘብ የሚሞላው ነጋዴው ነው። ስለዚህ በግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የትምህርት ምርጫ እንዴት እንደሚደረግ፣ ትምህርቱም በምን ዐይነት መንገድ እንደሚሰጥ መመርመር ያስፈልጋል።

እንደሚታወቀው ተማሪው 10ኛ ክፍልን ጨርሶ ወደ 11ኛ ሲያልፍ ከሁለት መንገዶች አንዱን ይይዛል። አንደኛው የተፈጥሮ ሳይንስ ሲሆን ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይገኙበታል። ሁለተኛው ማኅበራዊ ሳይንስ ሲሆን ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ ይገኙበታል። እንግሊዝኛና ሒሳብ ለሁለቱም የጋራ ናቸው። ከዚህ በኋላ ሕክምናና ምሕንድስና የሚሻው በመጀመሪያው በር፣ ሕግ፣ የሒሳብ አያያዝና የሥራ አመራር የሚሻው በሁለተኛው በር ይገባል። አንድ ጊዜ ከተመረጠ በኋላ ተመልሶ ሌላውን መያዝ ከባድ ነው። ይህን የመሰለ ብርቱ ውሳኔ የሚደረገው ልጁ 16 ወይም 17 ዓመት በሚሆነው ጊዜ ነውና የሚመራው ሰው በጥንቃቄ ሊመራው ይገባል።

በብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ያለው ልማድ ግን ሌላ ነው። የልጁ ዝንባሌ ሳይጠየቅ የክፍል ደረጃው ብቻ ይታያል። ጐበዝ የተባለው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ፣ ደካማ የተባለው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይላካል። እንዲህ ሲሆን ሁለቱ መንገዶች እንደ ሁለት የዕውቀት ዘርፎች መሆናቸው ቀርቶ አንዱ የክብር፣ ሌላው የቅጣት ስፍራ ይሆናሉ። ኢኮኖሚክስን ወድዶ የሚመርጥ ጐበዝ ልጅ ቢገኝ ጓደኞቹ ይሥቁበታል፤ ወላጆቹም ያዝናሉ። ማኅበራዊ ሳይንስ የሚያስተምሩት መምህራንም ሳይቀሩ የተጣለላቸውን እንጂ የመረጣቸውን ተማሪ የሚያገኙበት ጊዜ ጥቂት ስለ ሆነ ልባቸው ይቀዘቅዛል።

ይህ ልማድ ያለ ምክንያት አልመጣም። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ መንግሥት ወደ ዩኒቨርስቲ ከሚገቡት ተማሪዎች 70 ከመቶው በተፈጥሮ ሳይንስና በቴክኖሎጂ፣ 30 ከመቶው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደቡ ደንግጎ ስለ ነበረ ወላጁም ትምህርት ቤቱም ሰፊውን በር መሻታቸው የሚያስወቅስ አልነበረም። ከዚህም በላይ ልጁ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ሆኖ ሊያይ የማይመኝ አባት የለም። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ገዢው የሚወደውን ዕቃ ከፊት ለፊት ይሰቅላል። እንግዲህ ጥፋቱ የትምህርት ቤቱ ብቻ ነው ማለት ፍርድ ማጕደል ይሆናል፤ ገዢው ያልጠየቀውን ዕቃ ሻጭ አያመጣም።

በመርካቶ የብረታ ብረት ንግድ ያላቸው የአንድ አባት ነገር ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ሴት ልጃቸው ገና በ7ኛ ክፍል ሳለች ቅዳሜ ቅዳሜ ከሱቅ እየተቀመጠች የዱቤ መዝገቡን ትጽፍ ነበር። ማን ስንት ቆርቆሮ እንደ ወሰደ፣ ማን ምን ያህል ቀብድ እንደ ሰጠ ለይታ ታውቃለች። አንድ ጊዜም ከአንድ ሥራ ተቋራጭ ጋራ የነበረውን የሦስት ወር ሒሳብ ስታስታርቅ፣ አባትዋ ተከፍሏል ብለው የተዉትን ዕዳ ከመዝገቡ አውጥታ አሳየቻቸው፤ ገንዘቡም ተከፈለ። ልጂቱ 10ኛ ክፍልን በጨረሰች ጊዜ ማኅበራዊ ሳይንስ ለመግባት ፈለገች። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ግን አባትዋን አስጠርተው፣ «ልጅዎ በክፍልዋ ከፍ ያለ ውጤት ካላቸው አንዷ ናት፤ ማኅበራዊ ሳይንስ ብትገባ ለእርስዎም ለእርስዋም ጕዳት ነው» አሏቸው። አባትየውም፣ «ትምህርትን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ እርስዎ ያሉት ይሁን» ብለው ፈረሙ። ልጂቱ በዚያ ክፍል ውስጥ ብትኖርም የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ሁለት ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤቱ ክፍያና የአስጠኚ ዋጋ ተከፈለ። ልጂቱም ሌሊት ሳይቀር ደከመች። በ12ኛ ክፍል ፈተና ግን ከግማሽ በታች አገኘች። ወደ አባትዋ ሱቅ ተመልሳ መዝገቡን በያዘች ጊዜ የምታውቀው ያንኑ በ7ኛ ክፍል ታውቀው የነበረውን ሆኖ ተገኘ። የባንክ ሒሳብ ማስታረቅን፣ የዕቃ እርጅናን ማስላትን፣ የተጨማሪ እሴት ታክስን ወርኀዊ ማስታወቂያ መሙላትን ያስተማራት አልነበረም። አባትየው ዛሬም ለውጭ ሒሳብ ሠራተኛ በየወሩ ይከፍላሉ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት እዚህ ይደርሳል፤ ይሁን እንጂ ለልጂቱ አይተረትባትም፤ ቆጡን ያመለከቷት ሌሎች ናቸውና።

የእርስዋ ዕጣ የብቻዋ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርስቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ውጤቱ ለሁሉ ግልጽ ሆኗል። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆኑ። ቍጥሩ ከፍ ማለቱ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. ከመቶ ተፈታኞች ውስጥ ከ90 በላይ የሆኑት ከግማሹ ሳይደርሱ ቀሩ ማለት ነው። የማካካሻ ትምህርት ተሰጥቷቸው ሁለተኛ ዕድል የሚያገኙ ቢኖሩም ለሁሉ አይዳረስም። ቀድሞ በ10ኛ ክፍል የሚሰጠው ብሔራዊ ፈተና ተማሪውን ወደ ቀለም ትምህርትና ወደ ሙያ ይለየው ነበር፤ ያ ፈተና ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ ቀረ ሁሉም እስከ 12ኛ ክፍል አብሮ ይጓዛል። እንግዲህ ከዩኒቨርስቲ በር የሚመለሰው ብዙኀኑ ተማሪ በእጁ ምን ይዞ ይመለሳል የሚለው ጥያቄ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ይከብዳል።

በእጁ የሚይዘው ትንሽ የሆነበት አንዱ ምክንያት የትምህርቱ አሰጣጥ ነው። ብሔራዊው ፈተና ከቀረቡት መልሶች አንዱን ፊደል በመምረጥ የሚመለስ ነው። የግል ትምህርት ቤቶችም ለዚሁ ብለው ተማሪውን ከወርክሺት ወደ ወርክሺት ያሸጋግሩታል። ልጁ በሺሕ የሚቈጠር ጥያቄ ላይ ፊደል ያከብባል፤ አንድ ገጽ አሳብ አቀናብሮ የጻፈበት ቀን ግን በጣት የሚቈጠር ነው። እንዲህ ያለው ወጣት ከአንድ የንግድ ቤት በሚቀጠርበት ጊዜ ጕድለቱ በመጀመሪያው ሳምንት ይታያል። ለጕምሩክ ኮሚሽን ወይም ለባንክ የሚላክ ደብዳቤ አርቅቅ ሲባል ቍጥርና ቀን የት እንደሚጻፍ፣ ከ«ጕዳዩ» ቀጥሎ ምን እንደሚከተል፣ ግልባጭ ለማን እንደሚደረግ አያውቅም። ልመናውን ከምክንያቱ ያስቀድማል፤ ወይም ሦስት ጕዳይ በአንድ ደብዳቤ ያደባልቃል። እንግሊዝኛውም እንደዚሁ ነው። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማረ ልጅ ለውጭ አገር ላኪ፣ «ዕቃው በውሉ መሠረት አልደረሰም» ብሎ በአራት መስመር መጻፍ ሲያቅተው ይታያል። ሁለት ቋንቋ ተምሮ በሁለቱም ደብዳቤ የማይጽፍ ሰው «ከሁለት ያጣ ጎመን» ነው።

ሁለተኛው ምክንያት በፈተና የማይጠየቀው ትምህርት እንደ ትርፍ መቈጠሩ ነው። ቀደም ባለው ሥርዐተ ትምህርት በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች «ጄኔራል ቢዝነስ» የሚባል ትምህርት ነበረ። ወደ ዩኒቨርስቲ በሚያስገባው ፈተና ስላልተካተተ ግን መጽሐፉ እየተገለጠ የታለፈበት፣ ክፍለ ጊዜውም ለሌላ ትምህርት ማጠናከሪያ የተሰጠበት ስፍራ ነበር። በአዲሱ ሥርዐተ ትምህርትም የሙያና የቴክኒክ ትምህርት ተጨምሯል። ይህ መልካም አሳብ ነው። ይሁን እንጂ የወላጅ ዐይን ካልተከተለው የቀድሞው ዕጣ እንዳይደርስበት ያሠጋል። በሰሌዳ ላይ የተጻፈ የክፍለ ጊዜ ድልድል ለብቻው ትምህርት አይሆንም፤ የመጋዘን ካርድ ላይ የተጻፈ ዕቃ ሁሉ በመጋዘኑ ውስጥ እንደማይገኝ ነጋዴ ያውቃል።

የሒሳብ መዝገብ ዕውቀት ደግሞ ለነጋዴ ጌጥ ሳይሆን የሕግ ግዴታ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴ መዝገብ እንዲይዝ ያዝዝ ነበር፤ ብዙውን ክፍል የተካው የንግድ ሕግ፣ ይኸውም አዋጅ ቍጥር 1243/2013፣ ይህንኑ ያጸናል። የተጨማሪ እሴት ታክስ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደረሰኝ ያላያዘና መዝገቡን ያላስተካከለ ነጋዴ በየወሩ ይጨነቃል። ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው የሚፈለግ ሆኖ ሳለ 12 ዓመት የተማረ ወጣት ዴቢትን ከክሬዲት ሳይለይ መውጣቱ ምን ይባላል?

ነገሩ በአገሪቱ ያልተሞከረ አይደለም። በ1935 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ወጣቶችን የሒሳብ አያያዝ፣ የጽሕፈት መኪናና የጽሕፈት ቤት ሥራ እያስተማረ ለመሥሪያ ቤቶች፣ ለባንኮችና ለንግድ ድርጅቶች ሠራተኞችን ሲያቀርብ ኖሯል። በ1950ዎቹ ዓመታትም በብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከቀለሙ ትምህርት ጐን ንግድ ሥራ፣ የእጅ ሥራ፣ እርሻና ባልትና ይሰጡ ነበር። የጽሕፈት መኪናው ዛሬ በኮምፒዩተር ተተክቷል፤ መዝገቡም ከወረቀት ወደ መስኮቱ ተዛውሯል። የሥራው መሠረት ግን አልተለወጠም። ገቢና ወጪን መለየት፣ የጻፉትን ማስረዳት፣ የተቀበሉትን ማስረከብ ዛሬም ያው ነው።

የግል ትምህርት ቤቶች ባለቤቶች፣ «ሥርዐተ ትምህርቱን የሚያወጣው ትምህርት ሚኒስቴር ስለ ሆነ እኛ የምንለውጠው ነገር የለም» ብለው ይመልሱ ይሆናል። ይህ በከፊል እውነት ነው። ፈተናውን የሚያዘጋጁ፣ መጽሐፉንም የሚያጸድቁ እነርሱ አይደሉም። ነገር ግን ተማሪው መንገዱን ከመምረጡ በፊት ዝንባሌውን መጠየቅ፣ በየሳምንቱ አንድ ገጽ ድርሰት ወይም ደብዳቤ ማጻፍና ማረም፣ የተመደበውን ክፍለ ጊዜ ለተመደበለት ትምህርት ማዋል፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላም የሒሳብ መዝገብ አያያዝን ለሚወድዱ ማስተማር የሚከለክል ሕግ የለም። ለዋናና ለሙዚቃ ተጨማሪ ሰዓት ያገኘ ትምህርት ቤት ለሒሳብ መዝገብ አጣሁ ቢል ተቀባይነት የለውም።

ይህ ሁሉ ሲባል የተፈጥሮ ሳይንስ ይናቅ፣ ወይም የነጋዴ ልጅ ሁሉ ነጋዴ ይሁን ማለት አይደለም። አገር ያለ ሐኪምና ያለ መሐንዲስ አይቆምም። ንግዱም ራሱ ኬሚስትሪን ይፈልጋል፤ ቆዳ የሚለፋው፣ የቅባት እህል የሚጨመቀው፣ የምግብ ጥራት የሚመረመረው በእርሱ ነው። በኬሚስትሪ የሚደሰት ልጅ አባቱ ሱቅ ስላለው ብቻ ወደ ኢኮኖሚክስ ቢገፋ ያው ስሕተት በሌላ በኩል ተፈጸመ ማለት ነው። ነገሩ የሚያርፈው ልጁ በተፈጠረበት ዝንባሌ እንዲመዘን፣ የትኛውንም መንገድ ቢይዝ ደግሞ መጻፍና መቍጠር ሳይችል ከትምህርት ቤት እንዳይወጣ ነው።

ጊዜውም የሚያዘገይ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በወጣ መመሪያ ለኢትዮጵያውያን ተጠብቀው የኖሩት የገቢና የወጪ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግዶች በተወሰኑ ቅድመ ሁኔታዎች ለውጭ ባለሀብቶች ተከፍተዋል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅም የውጭ ባንኮች እንዲገቡ ፈቅዷል። ከእነዚህ ጋራ የሚወዳደር የአገር ውስጥ ነጋዴ በዘመድና በማስታወስ ችሎታ ብቻ የሚመራ ሱቅ ይዞ አይዘልቅም። የተማረ ጸሐፊና የታመነ መዝገብ ያለው ይቀድመዋል።

ስለዚህ ልጁን በግል ትምህርት ቤት የሚያስተምር ነጋዴ በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ስለ ክፍያው ከመከራከሩ አስቀድሞ ሦስት ጥያቄዎችን ቢያቀርብ ይበጃል። አንደኛ፣ ተማሪው በ11ኛ ክፍል የሚይዘው መንገድ የሚወሰነው በምን መመዘኛ ነው፤ ልጁስ ራሱ ይጠየቃል ወይ? ሁለተኛ፣ በብሔራዊ ፈተና የማይገቡት ትምህርቶች በተመደበላቸው ሰዓት ይሰጣሉ ወይ፤ የተማሪው ደብተርስ ይህን ያሳያል ወይ? ሦስተኛ፣ 50 ከመቶ ያላገኘው ተማሪ ከዚህ ትምህርት ቤት ምን ዐይነት ሥራ መሥራት የሚያስችል ዕውቀት ይዞ ይወጣል? ርእሰ መምህሩ ለእነዚህ መልስ ካላቸው ክፍያው ቢወደድም አይቈጭም። መልስ ከሌላቸው ግን ክፍያው ቢረክስም ውድ ነው።

ነጋዴዎችም በበኩላቸው የሚያበረክቱት አለ። በሐምሌና በነሐሴ ትምህርት ቤት ሲዘጋ 10ኛ ክፍል የጨረሱ ልጆችን ለጥቂት ሳምንታት ተቀብለው በመጋዘን ቈጠራ፣ በደረሰኝ አያያዝና በደብዳቤ ማርቀቅ ቢያሠሩአቸው ልጆቹ 11ኛ ክፍል ሳይገቡ ዝንባሌያቸውን ያውቃሉ። የንግድ ምክር ቤቱም የግል ትምህርት ቤቶችን ባለቤቶች ጠርቶ የንግድ ቤቶች ከአንድ የ12ኛ ክፍል ጨራሽ ምን እንደሚጠብቁ ዘርዝሮ ቢሰጣቸው፣ ሁለቱም ወገኖች እስከ ዛሬ በሩቅ ሲተማሙበት የኖሩትን ጕዳይ ፊት ለፊት ይነጋገሩበታል።

ነጋዴ ሰኔ 30 ዕቃውን ቈጥሮ ሒሳቡን ይዘጋል፤ ጕድለት ቢያገኝ በሚመጣው ዓመት ሊያካክሰው ይችላል። የልጁ ትምህርት ሒሳብ ግን የሚዘጋው በ12ኛ ክፍል መጨረሻ ነው፤ በዚያን ጊዜ ጕድለት ቢገኝ ያለፉትን ዓመታት መልሶ መግዛት አይቻልም። እንግዲህ ቈጠራው በ10ኛ ክፍል ይጀመር፤ ከሁሉ በፊትም ልጁ ይጠየቅ።